ጥላው ለትውልድ፣ ሥሩ ለግንብ፦ ዋርካና ዘመዶቹ በከተማ የት ይተከሉ?

በአማርኛ አንድ የሀገር ባለውለታ ሲያርፍ «ዋርካው ወደቀ» ማለት የተለመደ ነው። አባባሉ የሟቹን ታላቅነት ብቻ ሳይሆን በጥላው ሥር ያረፉትን ሰዎች ብዛት ጭምር ያስታውሳል። «ዋርካ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል» የሚለው ተረትም የዛፉን ክብር በሌላ በኩል ያሳያል፤ ትልቁ ሲጠፋ ትንሹ የትልቁን ቦታ ይይዛል ማለት ነው። ሁለቱም አነጋገሮች የሚነሡት ከአንድ እውነት ነው። ዋርካ በሰፈር መካከል ቆሞ አያትን፣ ልጅንና የልጅ ልጅን በተራ የሚያስጠልል ዛፍ ነው።

ዛሬ በኢትዮጵያ ከተሞች መንገድ ሲሰፋ፣ የእግረኛ መሄጃ ሲነጠፍና አደባባይ ሲዋብ ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይመጣሉ። አንደኛው «የትኛው ዛፍ ይተከል?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «የቆመው ዛፍ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ?» የሚል ነው። ለጥላና ለውበት ከሚመረጡት ዛፎች መካከል ዋርካና ዘመዶቹ ቀዳሚውን ሥፍራ ይይዛሉ። ጥላቸው ሰፊ ነው፤ ቅጠላቸው ለምለም ነው፤ ዕድሜያቸውም ረጅም ነው። በአንጻሩ ንጣፍ ያነሣሉ፣ ግንብ ይሰነጥቃሉ፣ የውኃ መውረጃ ይደፍናሉ እየተባሉ ይከሰሳሉ። ምስጋናውም ክሱም መሠረት አላቸው። አንዱን ዛፍ በረከት፣ ሌላውን ዕዳ የሚያደርገው ግን የዛፉ ባሕርይ ሳይሆን በተተከለበት ቀን የተመረጠለት ቦታ ነው።

ዋርካ ከነማን ጋር ይዛመዳል?

ዋርካ፣ ሾላ፣ ባምባ፣ ጭብሀ እና በቅዱሳት መጻሕፍት የምትታወቀው በለስ በአንድ ወገን የሚመደቡ ዕፀዋት ናቸው። የዕፀዋት ተመራማሪዎች ይህን ወገን «ፋይከስ» ብለው ይጠሩታል። በዓለም ላይ ከ750 የሚበልጡ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን አብዛኞቹ የሚገኙት በሞቃታማ አካባቢዎች ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ በተለምዶ በለስ እየተባለ የሚጠራው እሾሃማ ቁልቋል ግን በስም እንጂ በዘር ከእነዚህ ጋር ዝምድና የለውም።

የዚህ ወገን አባላት በሁለት ምልክቶች ይለያሉ። ቅጠላቸው ሲቀነጠስ ወይም ቅርፊታቸው ሲቆረጥ ነጭ ወተት መሰል ፈሳሽ ያወጣሉ። አበባቸው ደግሞ በውጭ አይታይም፤ በፍሬው ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል።

የዋርካ ሳይንሳዊ መጠሪያ «ፋይከስ ቫስታ» ነው። «ቫስታ» በላቲን ሰፊ፣ ግዙፍ ማለት ነው። ስያሜውን የሰጠው በዴንማርክ ንጉሥ ድጋፍ ወደ ዓረብ ምድር ከተጓዘው የምርምር ቡድን አባላት አንዱ የሆነው ፔተር ፎርስኮል ነበር። ፎርስኮል እ.ኤ.አ. በ1763 በየመን ሳለ በበሽታ ሞተ፤ የዕፀዋት ጥናቱም ከሞተ በኋላ በ1775 ታተመ። ዛፉ ከቀይ ባሕር ማዶና ማዶ፣ በአፍሪካ ቀንድም በደቡብ ዓረብም የሚበቅል በመሆኑ የሁለቱም ወገን ሰዎች ያውቁታል።

ዋርካ ቁመቱ እስከ 25 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከቁመቱ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ስፋቱ ነው። ቅርንጫፎቹ ወደ ጎን ተዘርግተው ብዙ ጊዜ ከቁመቱ የሚበልጥ ጥላ ይሠራሉ። ቅጠሉ ትልቅና ሸካራ፣ ቅርፊቱ ግራጫና ለስላሳ ነው። ግንዱ ሲያረጅ ብዙ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንኳ ለማቀፍ እስኪቸገሩ ድረስ ይወፍራል። ሾላና ባምባ ደግሞ ፍሬያቸው በግንዱና በወፋፍራም ቅርንጫፎች ላይ ተንዠርግጎ ስለሚታይ ከሩቅ ይታወቃሉ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ቁመቱ አጭር የነበረው ዘኬዎስ ጌታን ለማየት የወጣበት ዛፍም ሾላ ነው። ዝቅ ብሎ የሚጀምረው የሾላ ቅርንጫፍ ለመውጣት እንደሚመች የሚያውቅ ሰው፣ ታሪኩ ለምን ይህን ዛፍ እንደሚጠቅስ አይጠፋውም።

ዳኝነትና እርቅ የተቀመጡበት ጥላ

በኢትዮጵያ ገጠር ዋርካ ከዛፍነቱ ባሻገር የሕዝብ ተቋም ነው። የተጣሉ የሚታረቁት፣ ሽማግሌ የሚቀመጠው፣ ዕድርና ማኅበር የሚመክረው፣ የገበያ መንገደኛ ጭነቱን የሚያወርደው በጥላው ሥር ነው። በብዙ አካባቢ ደግሞ ዛፉ እንደ አድባር ይከበራል፤ ቅርንጫፉን ያለ ምክንያት መቁረጥም እንደ ነውር ይቆጠራል። በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥም ከወይራና ከጥድ ጎን የዚህ ወገን ዛፎች ከመጥረቢያ ተጠብቀው ኖረዋል።

በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ኦዳ የሚባለው ዛፍ ከዚሁ ወገን ነው። የገዳ ጉባኤ የሚደረገው፣ ሕግም የሚታወጀው በኦዳ ጥላ ሥር ነው። የኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማ መካከልም የሚታየው ይኸው ዛፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ የገዳን ሥርዓት በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር፣ ሥርዓቱን ለዘመናት ያስጠለለው ዛፍም አብሮ ታውሷል ማለት ይቻላል። በአዲስ አበባ ሾላ የሚባለው ሰፈርና ገበያም ስሙን ከዛፉ የወሰደ ነው።

የዋርካ ስም ከሀገር ውጭም ተሻግሯል። ጣሊያናዊው የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ አርቱሮ ቪቶሪ ከአየር ላይ ጤዛን፣ ጉምንና ዝናብን እየሰበሰበ የሚያጠራቅም ማማ ሲነድፍ መጠሪያውን «ዋርካ» ብሎታል። የመጀመሪያው የሙከራ ማማም እ.ኤ.አ. በ2015 በደቡብ ኢትዮጵያ በዶርዜ ተተክሏል። ስሙ የተመረጠው ዛፉ ጥላና መሰብሰቢያ እንደሚሰጥ ሁሉ ማማውም መንደሩን በዙሪያው እንዲያሰባስብ በማሰብ ነው።

አበባው የት ገባ?

«ሾላ ሳያብብ ያፈራል» ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ፍሬ የሚመስለው ክብ ነገር በእርግጥ ወደ ውስጥ የተገለበጠ የአበባ ጉንጉን ነው። ለሁለት ከፍለው ቢያዩት በውስጠኛው ግድግዳ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች ተደርድረው ይገኛሉ። በፍሬው ጫፍ ላይ ደግሞ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ጠባብ ቀዳዳ አለች።

በዚህች ቀዳዳ መግባት የምትችለው አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር የምትሆን ጥቃቅን ተርብ ብቻ ናት። እንስቷ ተርብ ከሌላ ዛፍ የአበባ ዱቄት ይዛ ትመጣለች። ቀዳዳው እጅግ ጠባብ በመሆኑ ስትገባ ብዙውን ጊዜ ክንፏ ይሰበራል፤ ስለዚህም ተመልሳ አትወጣም። በውስጥ ሆና አበቦቹን በዱቄቱ ትነካለች፣ ከአበቦቹ በከፊሉ ውስጥ ዕንቁላሏን ትጥላለች፣ ከዚያም እዚያው ትሞታለች። ከዕንቁላሎቹ መጀመሪያ የሚወጡት ክንፍ የሌላቸው ወንዶች ናቸው። ከእንስቶቹ ጋር ከተገናኙ በኋላ የፍሬውን ግድግዳ ቀደው መውጫ ያበጃሉ፤ የእነርሱ ዕድሜም በዚሁ ያበቃል። ክንፍ ያላቸው አዳዲስ እንስቶች ደግሞ የአበባ ዱቄት ተሸክመው በተቀደደው መውጫ ይበሩና ሌላ ዛፍ ይፈልጋሉ።

ተርቧ ያለ ዛፉ መራባት አትችልም፤ ዛፉም ያለ ተርቧ ፍሬያማ ዘር አያገኝም። በአብዛኛው እያንዳንዱ የዛፍ ዝርያ የራሱ የሆነ የተርብ ዝርያ አለው። ከፍሬው የወጣችው ተርብ የምትኖረው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ብቻ በመሆኑ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ አበባው የደረሰ ሌላ ዛፍ ማግኘት አለባት። ለዚህም ነው የአንድ አካባቢ ዋርካዎችና ሾላዎች በአንድ ወቅት ብቻ ሳይሆን በየተራ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያፈሩት።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው የእንስሳት ምግብ ነው። ሌላው ዛፍ ፍሬ በሌለው ጊዜ የዚህ ወገን ዛፎች ፍሬ አያጡም። ተመራማሪዎች በዓለም ዙሪያ ፍሬያቸውን የሚመገቡ ከ1 ሺህ 200 በላይ የአእዋፍና የአጥቢ እንስሳት ዝርያዎችን መዝግበዋል። በእኛ ሀገር ርግቦች፣ ጦጣዎች፣ ጉሬዛዎችና የሌሊት ወፎች ከዚህ ማዕድ ይቋደሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ስም የተሰጣት አረንጓዴ ርግብም የሾላ ፍሬ ወዳጅ ናት። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ዛፎቹ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ መሆናቸው ነው። በአንድ ከተማ ካሉት ጥቂት ዋርካዎች አንዱ ሲቆረጥ የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም። ተርቧ የምታርፍበት አንድ ማረፊያ ስለጠፋ የቀሩትም ዘር የማፍራት ዕድላቸው ይቀንሳል።

ወፍ የዘራው ዛፍና የጎንደር ግንብ

ፍሬውን የበላ ወፍ ዘሩን በሄደበት ይጥለዋል። ዘሩ በለም አፈር ላይ ብቻ ሳይሆን በሌላ ዛፍ ጉንድላ፣ በድንጋይ ስንጥቅ፣ በጣሪያ አሸንዳና በግንብ ጫፍ ላይም ይበቅላል። ጥቂት አቧራና እርጥበት ይበቃዋል። ከዚያም ሥሩን እንደ ገመድ ወደ ታች ይለቅቃል። ሥሩ መሬት እስኪነካ ድረስ ችግኙ በዝግታ ያድጋል፤ መሬት ከነካ በኋላ ግን ዕድገቱ ይፈጥናል። በሌላ ዛፍ ላይ የበቀለ ከሆነ ሥሮቹ የአስተናጋጁን ግንድ እንደ መረብ ከበው ከጊዜ በኋላ ሊገድሉት ይችላሉ።

በግንብ ላይ የሚሆነውም ከዚህ ብዙ አይለይም። የሥሩ ጫፍ ከፀጉር ያልወፈረ በመሆኑ በትንሽ ስንጥቅ ይገባል። ወደ ውስጥ የሚስበው እርጥበት ነው። ከገባ በኋላ በየዓመቱ ይወፍራል፤ ሲወፍርም ድንጋዩን ከድንጋይ ይለያል። በተለይ በኖራ የተያያዙ የጥንት ግንቦች እርጥበት ስለሚይዙና ማያያዣቸው እንደ ሲሚንቶ ድርቅ ያለ ስላልሆነ ለሥር ይመቻሉ።

ይህን በግልጽ ከሚያሳዩ ቦታዎች አንዱ በጎንደር የሚገኘው የፋሲል መዋኛ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 ከነገሡት ከዐፄ ፋሲል ስም ጋር የተሳሰረው ይህ ሥፍራ በቀሃ ወንዝ ውኃ ይሞላል፤ በየዓመቱም የጥምቀት በዓል ይከበርበታል። ከፋሲል ግቢና ከሌሎች ተያያዥ ቅርሶች ጋር እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጥምቀት በዓል ራሱ ደግሞ በ2019 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። በመዋኛው ዙሪያ የዋርካ ወገን የሆኑ ግዙፍ ዛፎች ቆመዋል። ሥሮቻቸው በግንቡ ላይ እንደ ቀለጠ ሰም ፈስሰው፣ ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጠው ይታያሉ። ወደ ሥፍራው የሚሄድ ጎብኚ ፎቶግራፍ ሳያነሣ የማይመለስበት አንዱ እይታም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ቅርስ ጠባቂውን የሚፈትን ጉዳይ አለ። ሥሩ ግንቡን ገፍቶታል፤ ነገር ግን የገፋውን ድንጋይ አቅፎ የያዘውም እርሱ ነው። ዛፉ በአንድ ጊዜ ቢቆረጥ በግንቡ ውስጥ የቀረው ሥር ይበሰብሳል። ሥር የነበረበት ቦታ ባዶ ይሆናል፤ ውኃም ይገባበታል። ስለዚህ ከዛፉ መውደቅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግንቡም ሊከተል ይችላል። በካምቦዲያ የአንግኮር ጥንታዊ ከተማ የታ ፕሮህም ቤተ መቅደስ ጠባቂዎችም ይኸው ጥያቄ ገጥሟቸዋል። እዚያ ዛፎቹና ፍርስራሹ የማይነጣጠሉ ሆነው በመገኘታቸው ቤተ መቅደሱ በአብዛኛው በተገኘበት ሁኔታ እንዲቆይ ተወስኗል፤ የሚያሰጉ ክፍሎች ብቻ ድጋፍ ይደረግላቸዋል።

ከሁለቱም ቦታዎች የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው። በግንብ ላይ የበቀለ ዋርካ እንደ ጣት ቀጭን ሳለ በእጅ ይነቀላል። ክንድ ሲያህል መጋዝና ባለሙያ ይፈልጋል። ግንድ ከሆነ በኋላ ግን ከግንቡ ጋር አንድ አካል ስለሚሆን ሁለቱን አብሮ ከመንከባከብ ሌላ መንገድ አይኖርም። ስለዚህ ለጥንታዊ ግንቦች፣ ለድልድዮችና ለአብያተ ክርስቲያናት ጣሪያ ርካሹና አስተማማኙ ጥበቃ ክረምት በወጣ ቁጥር ስንጥቁን ፈትሾ ችግኙን በለጋነቱ መንቀል ነው።

ከሩቅ የመጡት የጌጥ ዘመዶች

በከተሞች ግቢ፣ በሆቴል ደጃፍና በመንገድ ዳር የሚታዩት የዚህ ወገን ዛፎች ሁሉ ሀገር በቀል አይደሉም። ቅጠሉ ወፍራምና አንጸባራቂ የሆነው የጎማ ዛፍ የመጣው ከደቡብና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ወተቱ ጎማ ለመሥራት ያገለግል ስለነበረ ይህን ስም አግኝቷል፤ ኋላ ግን ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ሌላ ዛፍ በዚህ ሥራ ተክቶታል። በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ የሜጋላያ ነዋሪዎች የዚህን ዛፍ ሥሮች ከወንዝ ማዶ ወደ ማዶ እየመሩ ሰው የሚሻገርባቸው ሕያው ድልድዮች ይሠራሉ። በእኛ ዘንድ በተለምዶ «ፋይከስ» ተብሎ የሚሸጠው፣ ቅጠሉ ትንንሽና የሚያንጸባርቅ፣ እንደተፈለገ የሚከረከመው ተክልም እንዲሁ የእስያ ተወላጅ ነው።

እነዚህ ተክሎች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቤት የሚገቡት በትንሽ ማሰሮ ነው። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። በማሰሮ ውስጥ አንድ ሜትር የማይሞላው ፋይከስ መሬት ላይ ሲተከልና ሥሩ ውኃ ሲያገኝ ከጣሪያ በላይ የሚወጣ ትልቅ ዛፍ ይሆናል። ከቤቱ መሠረት አጠገብ፣ ከአጥር ሥር ወይም ከውኃ ቧንቧ በላይ ለውበት ተብሎ የተተከለው ተክል ከዓመታት በኋላ ባለቤቱን ለመጋዝ የሚዳርገው ለዚህ ነው።

የውጭ ዝርያዎቹ ከሀገራቸው ሲወጡ ብዙውን ጊዜ ተርባቸው አብራቸው አትመጣም። ስለዚህ ፍሬያቸው ዘር አይበቅልበትም፤ ሰው ካልተከላቸው በቀር አይዛመቱም። ይህ ግን ለዘላለም የሚቆይ ዋስትና አይደለም። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት ለጥላ የተተከለ አንድ የእስያ ዝርያ ለብዙ ዓመታት ያለ ዘር ከኖረ በኋላ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ተርቡ ደረሰችበት። ከዚያ ወዲህ በግንብና በድልድይ ላይ ሳይተከል የሚበቅል አስቸጋሪ ተክል ሆኗል። የእኛ ዋርካና ሾላ ደግሞ ተርባቸው አብራቸው ስላለች ፍሬያማ ዘር ሁልጊዜ ያፈራሉ። በዋርካ አቅራቢያ ያለ ግንብ በየዓመቱ ፍተሻ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ሰፊ ቦታ ያገኙ ዛፎች

ቦታ የተሰጠው የዚህ ወገን ዛፍ የት ሊደርስ እንደሚችል የሚያሳዩ ምሳሌዎች በዓለም ላይ አሉ። በስሪላንካ አኑራዳፑራ የሚገኘው የቡድሂስቶች ቅዱስ ዛፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ288 ዓመት እንደተተከለ ይነገርለታል፤ ሰው ከተከላቸውና የተተከሉበት ዘመን ከሚታወቅ ዛፎች ሁሉ ዕድሜ ጠገቡ ተደርጎም ይጠቀሳል። በሕንድ ኮልካታ አቅራቢያ በሚገኘው የዕፀዋት ማዕከል ያለው ታላቅ ዛፍ ከ250 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሁለት ከባድ አውሎ ነፋሶች ተጎድቶ ዋናው ግንዱ በፈንገስ ስለተበላ እ.ኤ.አ. በ1925 ተቆርጦ ወጣ። ዛፉ ግን አልሞተም። ከቅርንጫፎቹ ወደ መሬት የወረዱት ከ3 ሺህ የሚበልጡ ሥሮች ምሰሶ ሆነው ተሸክመውታል። ዛሬ ከሩቅ ለሚያየው አንድ ዛፍ ሳይሆን ደን ይመስላል። የእኛ ዋርካ እንደ ሕንዱ ዘመዱ በምሰሶ ሥሮች ርቆ አይጓዝም፤ ጥላውን የሚሸከመው ግንዱ ነው። ስለዚህ የግንዱና የዋና ሥሮቹ ደኅንነት ለእርሱ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው።

በሃዋይ የላሃይና ከተማ አደባባይ የቆመው ዛፍ ታሪክ ደግሞ ስለ እንክብካቤ ያስተምራል። ከሕንድ የመጣው ይህ ችግኝ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1873 ሲተከል ቁመቱ ከሁለት ሜትር ተኩል አይበልጥም ነበር። ከጊዜ በኋላ አደባባዩን በሙሉ ሸፍኖ የከተማዋ መሰብሰቢያ ሆነ። በነሐሴ 2023 ከተማዋን ያወደመው ቃጠሎ ዛፉንም ለበለበው። ባለሙያዎች ውኃ እያጠጡ፣ አፈሩንም በብስባሽ እያዳበሩ ተንከባከቡት፤ ከሳምንታት በኋላም አዲስ ቅጠል አቆጠቆጠ። የደረቁት ክፍሎቹ ቢወገዱም የተረፈው ቆሟል። 

ለተካዩ፦ ከመቆፈር በፊት የሚታሰብ

የዋርካ ወገን ዛፍ ለመትከል የሚያስብ ከተማም ሆነ ግለሰብ አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው ችግኙን ሳይሆን ከ50 ዓመት በኋላ የሚኖረውን ዛፍ ነው። የዛፍ ሥር ብዙ ሰው እንደሚያስበው ወደ ታች ብቻ አይሄድም። ውኃና ምግብ የሚሰበስቡት ሥሮች አብዛኞቹ በላይኛው አንድ ሜትር አፈር ውስጥ ናቸው፤ ወደ ጎንም ከቅርንጫፉ ጥላ ጠርዝ አልፈው ይሄዳሉ። ስለዚህ ለእነዚህ ዛፎች የሚስማማው አደባባይ፣ መናፈሻ፣ የትምህርት ቤት ሜዳ፣ የገበያ ቦታ፣ የሐይቅና የወንዝ ዳር ነው። ጠባብ የመንገድ ዳር፣ የቤት መሠረት አጠገብና ከኤሌክትሪክ መስመር በታች ያለ ቦታ ግን ለትንንሽ ዛፎች ሊተው ይገባል።

ቧንቧን በተመለከተ ዛፉ ከሚገባው በላይ ይወቀሳል። ሥር ደኅና የሆነን ቧንቧ ሰብሮ አይገባም። የሚገባው አስቀድሞ በተሰነጠቀና ውኃ በሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ ነው። የሚያንጠባጥበውን ሳይጠግኑ ሥሩን ብቻ መቁረጥ ችግሩን ለጥቂት ጊዜ ማዘግየት ነው። ንጣፍን ግን ሥር በእርግጥ ያነሣል። በተለይ በግንዱ ዙሪያ ያለው አፈር በኮንክሪት ሲታፈንና ውኃም አየርም ሲያጣ ሥሩ ከንጣፉ ሥር ያለውን እርጥበት ፍለጋ ወደ ላይ ይመጣል። በግንዱ ዙሪያ ሰፊ ክፍት አፈር መተው ለዛፉም ለንጣፉም ይጠቅማል።

አተካከሉም ለውጥ ያመጣል። ዋርካና ጭብሀ ከቅርንጫፍ ቁራጭ ይበቅላሉ፤ አርሶ አደሮችም በዚህ መንገድ አጥር ይሠራሉ። ነገር ግን ከቁራጭ የበቀለ ዛፍ ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር ስለማይኖረው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በንፋስ የመውደቅ አደጋ አለበት። ሰው በብዛት በሚቀመጥበት ቦታ ከዘር የፈላ ችግኝ መምረጥ ይበጃል። ችግኙ እስኪጠነክር ከከብት መከለል፣ በበጋም ውኃ ማግኘት አለበት። ቅርንጫፉ የሚስተካከለው በለጋነቱ ነው፤ ያረጀ ዋርካን ትላልቅ ቅርንጫፎች በአንድ ጊዜ መቁረጥ ግን ለመበስበስ በር ይከፍታል። የሚቆርጠው ሰውም ነጩ ፈሳሽ ቆዳና ዓይን ስለሚያሳክክ መጠንቀቅ አለበት።

የቆመውን መጠበቅ

በየዓመቱ በክረምት ሚሊዮኖች ችግኝ ለመትከል ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር መትከልን የሀገር ልማድ አድርጎታል። ሆኖም አንድ የተተከለ ችግኝ የአንድ ትልቅ ዋርካን አገልግሎት ወዲያው አይተካም። ትልቅ ዛፍ ቅጠሉን ሁሉ ተጠቅሞ ውኃን ወደ እንፋሎት ስለሚለውጥ በዙሪያው ያለውን አየር ያቀዘቅዛል፤ አስፋልቱንም ከፀሐይ ይከልላል። የሾላና የዋርካ ፍሬ የሚጠብቁ ወፎችም ችግኙ እስኪያድግ አይቆዩም። ዛሬ የተተከለ ዋርካ አሁን የቆመው የሚሰጠውን ጥላ እስኪሰጥ ድረስ የተካዩ ልጆች ያረጃሉ።

ስለዚህ የመንገድ ንድፍ ሲሠራ የቆሙት ዋርካዎች እንደ ሕንፃና እንደ ድልድይ በካርታው ላይ ቢሰፍሩ፣ መንገዱም ጥቂት ሜትር ፈቀቅ ማለት የሚችል እንደሆነ አስቀድሞ ቢታይ ከተማው ያተርፋል። በቁፋሮ ጊዜ ወፋፍራም ሥሮችን ከግንዱ አጠገብ መቁረጥ ዛፉን በቆመበት መግደል ነው። እንዲህ ያለው ዛፍ ወዲያው አይደርቅም፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ክረምት በኋላ በነፋስ ይወድቃል። ያን ጊዜ ጥፋተኛ የሚባለው ዝናቡ ወይም የዛፉ እርጅና ይሆናል፤ ምክንያቱ ግን ከዓመታት በፊት የተቆፈረው ቦይ ነው።

አበው ዋርካን በሰፈር መካከል ሲተክሉ ወይም የበቀለውን ሲያከብሩ ሰፊ ሜዳ ትተውለታል። ገበያውም ሸንጎውም ወደ ጥላው መጣ እንጂ ዛፉ ወደ ግንብ ጥግ አልተገፋም። የዛሬዎቹ ከተሞች ከዚህ የሚማሩት የዛፉን ስም ብቻ ሳይሆን የቦታ አሰጣጡንም ነው። ሜዳ ያገኘ ዋርካ ለልጅ ልጅ ጥላ ይሆናል፤ ከግንብ ጋር የተጣበቀው ግን አንድ ቀን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ያደርጋል።